ያልታረሰው የማሳ ጠርዝ፦ በሐዋሳ ተፋሰስ ገበሬው በፈቃዱ ስለሚጠብቀው መሬት

እንደምን አረፈዳችሁ። የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ተማሪዎች፤

ከሐይቁ እንጀምር። ከሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ የሚገባለትም ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ጥቁር ውሃ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ከወንዶ ገነት አቅጣጫ የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ተጠራቅመው የሚወጡበት ነው። ስለዚህ ከማሳ የታጠበው አፈር፣ አብሮት የሄደው ዩሪያና ኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ማረፊያው ሐይቁ ነው፤ ተሸክሞት ወደ ሌላ የሚያሻግር ወንዝ የለም። ጨለለቃም በአንድ ወቅት ራሱ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ፊላና ቄጠማ የበቀለበት፣ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ሆኗል።

ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲመዘን ከ10 እስከ 12 ቶን ነው፤ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ግን በዓይን አይለይም። ገበሬው በዓመቱ ያንኑ ማሳ ሲያርስ የጎደለ ነገር አይታየውም፤ የሚያየው ማዳበሪያው እንደ ድሮው አለመሥራቱን ነው። በዚህ አካባቢ ብዙው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከፐሚስ (ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የመጣ ስለሆነ ቀላልና ልል ነው፤ በበልግ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ፣ ማሳው ገና ባዶ ሳለ፣ ያነሳዋል።

ዛሬ የምንነጋገረው ያንን አፈር ከማሳው ሳይወጣ ስለሚይዝ መሬት ነው፦ ስለ ወንዝ ዳር፣ ስለ ቦረቦር፣ ስለ ቀጥ ያለ ተዳፋት፣ ስለ ረግረግ ጠርዝ፣ በማሳ መሃል ስለቆመ ዋንዛና ግራር። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በገበሬው ይዞታ ውስጥ ነው። ፓርክ አይደሉም፤ ዘብ አይቆምላቸውም። ተጠብቀው የሚቆዩት ባለይዞታው ሲፈቅድና ሲጠቅመው ብቻ ነው። በፈቃድ የሚደረግ የማሳ ላይ ጥበቃ የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ራሱ የመረጠውን ቁራጭ ላለማረስ ወይም በተለየ መንገድ ለመጠቀም በጽሑፍ ይስማማል፣ በምላሹም የታወቀ ጥቅም ያገኛል።

ይህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ከሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ የተለየ ነው። የዘመቻው ሥራ ብዙ ተራራ አልብሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዘመቻ የተሠራ እርከን በክረምቱ ሲናድ ማን እንደሚጠግነው አልተጻፈም። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የሆነ ቦታ ሣሩ ሲደርስ ማን እንደሚያጭደው ብዙ ጊዜ በግልጽ አልተወሰነም። በፈቃድ የሚደረገው ጥበቃ ዋና ሥራው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ መመለስ ነው።

በሌላ ዓለም እንዴት እንደተሠራበት በአጭሩ እንይ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የእርሻ ሕግ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ከእርሻ ለማሳረፍ የሚያስችል መርሃ ግብር አቋቋመ። ገበሬው መሬቱን በፈቃዱ ያቀርባል፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውል ይገባል፤ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል፤ ሣሩን ወይም ዛፉን ለማቋቋም ከሚወጣው ወጪም እስከ ግማሽ ይሸፈንለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ውል የተያዘው መሬት ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። ከዚያ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ ጨመረ፤ ምክር ቤቱም የመሬቱን ጣሪያ ዝቅ አደረገ፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን ሄክታር ወረደ። ውሉ ያለቀበት ብዙ መሬት ተመልሶ ታረሰ። ኮስታ ሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ ደን ለሚጠብቅ ባለመሬት መክፈል ጀመረች፤ ገንዘቡም በዋናነት ከነዳጅ ግብር የሚመጣ ነው።

ከአሜሪካው የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ኪራዩ ሲቆም ጥበቃውም ይቆማል የሚለው ነው፤ ያረፈው መሬት በራሱ ምንም የማያስገባ ከሆነ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መቶ ሄክታር ያለው ሰው አሥሩን ቢያሳርፍ ዘጠናው ይቀረዋል። በሲዳማ ግን ብዙ አባወራ ያለው ግማሽ ሄክታር፣ ከዚያም በታች ነው። ማሳው 50 ሜትር ያህል ወንዝ የሚነካ ገበሬ 10 ሜትር ስፋት ይተው ብንል 500 ካሬ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ሄክታር አንድ አሥረኛው ሄደ። አንድ አሥረኛ የቤተሰብ ምግብ ነው። እንግዲህ «ተወው» የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም። ጥያቄው ያ 500 ካሬ ሜትር ሳይታረስ ምን ያስገባል የሚለው ነው።

ሒሳቡን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መሥራት ያስፈልጋል። በሄክታር 30 ኩንታል በቆሎ የሚሰጥ ማሳ ቢሆን 500 ካሬ ሜትር አንድ ኩንታል ተኩል ነው። ግን የወንዝ ዳር እንደ ማሳው መሃል አይሰጥም፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ዳሩ ይናዳል፣ ሐይቁና ጥቁር ውሃ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ይወጣበታል። ገበሬውን «ባለፈው ዓመት ከዚህ ጥግ ምን ያህል አገኘህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኩንታል አይዘልም። በዚያ ፋንታ ደሾ የሚባለው የመኖ ሣር ቢተከል የአንዲት ላም መኖ ከፊሉ ይሸፈናል፤ መኖ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስላት አስተማሪ አያሻውም።

ለዚህ ነው ጥበቃ የሚጀምረው ከካርታ ሳይሆን ገበሬው ራሱ ከሚከስርበት ጥግ መሆን ያለበት። ባለሙያው ይህን ቅደም ተከተል ሲገለብጥ፣ ማለትም ካርታ ይዞ መጥቶ «ይህ መስመር ይከለል» ሲል፣ ስምምነት የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሐሳቡ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ ላይ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩባቸው ነገሮች አንዱ ሀገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥ ነው። ጉዱማሌም ለጋራ መሰብሰቢያና ለጋራ ግጦሽ ሳይታረስ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ወደ ዲላ ወርዶ ጌዴኦን ያየ ሰው ዛፍ፣ ቡናና እንሰት በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ያያል፤ ያ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ዛፉ እዚያ የቆመው እንሰቱና ቡናው ስለሚፈልጉት ነው፤ ጥላ ይሰጣል፣ ቅጠሉ አፈር ይሆናል። ሽማግሌዎች በሶንጎ (በባህላዊው ሸንጎ) የሚወስኑት ነገር ደግሞ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ሲከበር ይታያል። ስምምነታችን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቻ ተፈርሞ ሶንጎው ካልሰማው ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንግባ።

የወንዝ ዳርን ብንወስድ፣ ከውሃው ጠርዝ የሚቀርበው 2 ወይም 3 ሜትር በተፈጥሮ ለበቀለው ይተው፤ ሾላ፣ ቄጠማ፣ ቁጥቋጦ፣ ያለው ሁሉ። ሥሩ ዳሩን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ማሳው በኩል ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚታጨድ ሣር፦ ደሾ፣ ወይም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ዝሆኔ። ሣሩ የጎርፉን ፍጥነት ሰብሮ አፈሩን ያስቀራል፤ ዛፍ ብቻ ያለበት፣ ሥሩ ባዶ የሆነ ዳር ይህን አይሠራም። ጎርፉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገባበት ቦይ ካለ ሣሩ ብቻውን አይበቃውም። አስቀድሞ ቦዩን በድንጋይ ወይም በእርከን በትኖ ውሃው ተዘርግቶ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ የወንዝ ዳር ሣር የከሸፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ 40 ሜትሩ ለምለም ሆኖ በአንዲት ሜትር ቀዳዳ አፈሩ ሁሉ ያልፋል።

ደሾ የሚተከለው በግንጣይ ነው። ከአንድ ያደገ ጉንጉን አሥርና ከዚያ በላይ ግንጣይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ከነሥሩ ይኑረው፣ ቅጠሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይተከል። በመስመሩ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ፣ በሁለት መስመር፣ ሲተከልም ፊትና ኋላ ሳይገጣጠሙ እየተዛነፈ። ለ50 ሜትር ዳር 330 ገደማ ግንጣይ ይበቃል። ቦታው በጣም ተዳፋት ከሆነ ርቀቱን ወደ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ዝናቡ ሲጸና መትከል ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ሰኔና ሐምሌ። ግንጣዩ ተነቅሎ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ካደረ ግን ግማሹ አይጸድቅም። ስለዚህ ከሩቅ ወረዳ በመኪና ከማስመጣት በየቀበሌው አንድ ገበሬ ሩብ ጥማድ ላይ እንዲያባዛና እንዲሸጥ ማድረግ ይሻላል። ለእሱም ገቢ ነው።

የመጀመሪያው አጨዳ ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ይሆናል። ከመሬት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ማጨድ። ከዚያ በታች ከተላጨ፣ በተለይ ከጥቅምት በኋላ፣ በጋውን ሳይሻገር ይቀራል። ከብት ገብቶ ከጋጠው ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ ላም ሣሩን ብቻ አትበላም፣ ገና ያልያዘውን ሥር ትነቅላለች፣ ዳሩንም በኮቴዋ ትንዳለች። አጭዶ ማብላት ላይ ካልተስማማን ስለ ወንዝ ዳር ጥበቃ ባናወራ ይሻላል።

ቦረቦር የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ክትሩ (ጎርፉን የሚያዘገየው ትንሽ ግድብ) ከታች ይሠራል፣ የላዩ ተፋሰስ ይረሳል። ውሃው ከላይ እንዳለ እየመጣ ታች ምን ቢደረግ ክትሩን ይዞት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ከቦረቦሩ በላይ ያለው ማሳ እርከን ይሠራለት፤ ቀጥሎ ወደ ቦረቦሩ አናት የሚመጣው ውሃ በመቀልበሻ ቦይ ሣር ወዳለበት ይመራ፤ ከዚያ የተንጠለጠሉት ዳሮች በ45 ዲግሪ ገደማ ይስተካከሉ፤ ክትር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የክትር ርቀት የሚወሰነው በከፍታውና በቦረቦሩ ወለል ተዳፋት ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። ወለሉ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ክትሩ አንድ ሜትር ከፍታ ካለው፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ክትር ማለት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በዳሩ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቀበሩ፤ መሃሉ ዝቅ ብሎ ማስተንፈሻ ይኑረው፤ ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፍ። መሃሉ ከፍ ጎኑ ዝቅ ያለ ክትር ውሃውን ወደ ዳር ይልከዋል፤ ቦረቦሩ በክትሩ ጎን አዲስ መንገድ ይከፍታል፤ ከቀድሞው ይሰፋል።

ቦረቦር ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ባለይዞታ ድንበር ነው፤ አንዱ ብቻ ቢስማማ ዋጋ የለውም። ውሉም ከመጀመሪያው የጋራ ይሁን። አፈር ይዞ ሲሞላ የሚወጣው ሣር በማን ድርሻ እንደሚታጨድ፣ የታደገው መሬት ድንበሩ የት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ቦረቦሩ በዳነ ማግስት ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ይህ ተደጋግሞ የታየ ነው። በዳነ መሬት ላይ መጣላት ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ስለ ተዳፋት ብዙ አልልም፤ ሕጉ ራሱ ብዙ ብሏል። በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራበት ተደንግጎ ነበር። ስልሳ በመቶ ማለት አግድም 10 ሜትር ስትሄድ ሽቅብ 6 ሜትር መውጣት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ታርሶ የምናየው ገበሬው ሕጉን ስለናቀ አይደለም፤ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። እዚያ ላይ ፍሬ ዛፍ፣ ቡና፣ እንሰትና የሚታጨድ ሣር ለመትከል የሚያሸጋግር ድጋፍ እስኪያገኝ ድረስ ሕግ መጥቀስ ብቻውን አያወርደውም።

በማሳና በተዳፋት ላይ ዛፍ ለመመለስ ሁልጊዜ ችግኝ አያስፈልግም። ብዙ ቦታ አፈሩ ውስጥ በሕይወት ያለ ጉቶ አለ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ይታረሳል ወይም ይጋጣል። ከዚያ ጉቶ ከሚወጡት ቁጥቋጦዎች ቀጥ ያሉና ጠንካራ የሆኑ ከሦስት እስከ አምስቱን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን በተሳለ ማጭድ መቁረጥ፣ በቀሩትም ላይ የጎን ቅርንጫፎችን እስከ ቁመታቸው ግማሽ ድረስ መመልመል። የሚቆረጠው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከተቆረጠ ቅርፊቱ ተላልጦ ግንዱ ይቆስላል። በየጥቂት ወሩ ተመልሶ አዲስ የወጣውን ማንሳት። የሚነሳው ለማገዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቅሙ በመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ብርብራ ይህን አሠራር በደንብ ይቀበላሉ።

በወላይታ የሁምቦ ሥራ ለዚህ የሚጠቀስ ምስክር ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተረክበው፣ አብዛኛውን ከጉቶ እያስነሱ ደን አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ካርቦን በመሸጥ፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚይዙት ካርቦን ክፍያ በመቀበል፣ ገቢ አገኘ። የካርቦን ገንዘብ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ካርቦን ለመሸጥ ልኬት፣ ምዝገባ፣ ገለልተኛ አረጋጋጭ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ለትልቅ መሬት እንጂ ለአንድ ገበሬ ጠርዝ የሚሆን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዉን የያዘው ሣሩና ማገዶው ነበር። ዛሬ ወደየቀበሌው ሄዶ ስለ ካርቦን ብር የሚያወራ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም።

የረግረግ ጠርዝን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን፦ ባህር ዛፍ እዚያ አይተከል። ገበሬው የሚተክልበት ምክንያት ይገባናል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣል። ባህር ዛፍ ከቤት ኋላ፣ ከድንጋያማ ኮረብታ ላይ ቦታ አለው። ረግረግ ዳር ግን ውሃውን ይጠጣል፣ ሥሩም ሣር አያስበቅልም፤ ያ ጠርዝ ደግሞ ጎርፍ የሚጣራበት ወንፊት ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ፊላ የበዛበት ውሃ ቆሮሶ የሚራባበትና ጫጩቱ የሚያድግበት ነው። አሞራ ገደል ላይ የሚሸጠው ዓሣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ውሉ ይዘት እንነጋገር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ይህ ስምምነት የይዞታ መብትን አይቀንስም፣ አያስተላልፍም» የሚል ይሁን። ገበሬው ከሁሉ በላይ የሚፈራው የከለለው መሬት ነገ «የመንግሥት ደን ነው» እንዳይባልበት ወይም ለሌላ እንዳይሰጥበት ነው። ይህ ስጋት ሳይነሳ የተፈረመ ውል ዋጋ የለውም፤ ገበሬው በአፉ እሺ ብሎ ዛፉ ጉልበት ሳያወጣ ይቆርጠዋል፣ ምክንያቱም ትልቅ ዛፍ መሬቱን ያስወስድበታል ብሎ ያምናል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቶ ያውቃል፤ በግል ይዞታ ላይ ያለማው ዛፍ የራሱ መሆኑን አዋጁን ገልጦ ማሳየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ድንበር። «ከወንዙ አጠገብ ያለው» ተብሎ አይጻፍ፤ ወንዝ ቦታ ይለውጣል። ከአንድ ከማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ከትልቅ ድንጋይ ወይም ከዋርካ፣ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ካለ በእሱ ላይ ምልክት ይደረግ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ካለ ሁለቱም ይፈርሙ። ሣሩን የምታጭደውና ላሟን የምታልበው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ እሷ ያልሰማችው ውል በመጀመሪያው የመኖ እጥረት ይፈርሳል። መሬቱ በእኩል ወይም በኪራይ የሚታረስ ከሆነ አራሹም ይግባበት። የዓመት አራሽ የአሥር ዓመት ዛፍ አይጠብቅም፤ ለእሱ የሚሆን ድርሻ፣ ለምሳሌ የሣሩ ግማሽ፣ ካልተመደበለት በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ጠርዙን ይጨርሰዋል። ወላጅ መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ግዴታው አብሮ እንደሚተላለፍም ይጻፍ።

ዘመኑን ለሣር አምስት ዓመት፣ ለዛፍ አሥር ዓመት ማድረግ ይበቃል። መውጫም ይኑረው። «ከሦስት ወር በፊት አስታውቆ፣ የተቀበለውን የማቋቋሚያ ድጋፍ ባልተጠናቀቀው ዘመን ልክ መልሶ ሊወጣ ይችላል» የሚል አንቀጽ አንዳንድ ባለሙያ ያስደነግጣል፤ ሁሉም ይወጣብናል ይላል። እኛ ግን መውጫ የሌለው ውል በፈቃድ የተገባ ነው ብለን አንጠራውም፤ በር የሌለው ቤት ደፍሮ የሚገባበትም የለም።

ክፍያን በተመለከተ፣ ገንዘብም ይሁን ዓይነት፣ ለተከላ ሳይሆን ለጸደቀ ይከፈል። በችግኝ ቁጥር የሚከፈል ሥራ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ያበቃል፤ አንዳንዴ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ። ምክራችን ከድጋፉ ሲሶውን በማቋቋም ጊዜ፣ ሁለት እጁን ከበጋው በኋላ በየካቲት መጨረሻ በሚደረግ ቆጠራ መስጠት ነው። በመስከረም ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ የመስከረም ቆጠራ ያታልላል። ቆጠራውም ቀላል ይሁን፦ በጠርዙ ላይ ሦስት ቦታ 10 ሜትር ገመድ ዘርግቶ በሕይወት ያለውን ጉንጉን መቁጠር፣ ከአንድ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት መኖሩን ማየት፣ ቦይ መግባቱን መመልከት። የሚቆጥሩት አንድ ባለሙያ፣ አንድ የሶንጎ ሽማግሌና አንድ ጎረቤት ገበሬ ቢሆኑ የቀጣዩ ዓመት ጎረቤት ውል የሚመጣው ከዚያው ነው። ዓይነት ከሆነ የተሻሻለ ቀፎ፣ የደሾ ግንጣይ፣ የአቮካዶ ችግኝ ከብር ይልቅ ይቆያሉ፤ በዓመቱ የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ግን ቀፎ ሰጥቶ ማመስገን መጠበቅ አይገባም። ከሐይቁ የሚጠቀሙት፣ ሆቴሎች፣ የጀልባ ማኅበራት፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የከተማው ውሃ ተጠቃሚ፣ ከላይ ላለው ገበሬ ጥቂት ቢያዋጡ ፍትሐዊ ነው። አፈሩ ከእሱ ማሳ ነው የሚመጣው፣ የሚያስቀረውም እሱ ነው።

ገበሬዎች የሚያነሱት አንድ ተቃውሞ አለ፤ እውነት ስለሆነ በቀጥታ እንመልሰው። ቁጥቋጦ ሲበዛ ጃርት፣ ከርከሮ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ይበዛል። ጃርት የእንሰት ሥር ይበላል፣ ዝንጀሮ በቆሎ ይጨርሳል፣ ጅብም ይደበቃል። መልሱ አውሬ በሚያስቸግርበት ቦታ ቁጥቋጦው ከሰብሉ ጋር እንዳይነካካ መሃል ላይ የሚታጨደው ሣር ቢያንስ አምስት ሜትር እንዲሆንና አጭር ሆኖ እንዲጠበቅ፣ ከጠርዙ ቀጥሎም በቆሎና እንሰት ሳይሆን ዝንጀሮ የማይወደው ሰብል እንዲዘራ ማድረግ ነው። ፊላ ሲበዛም ግሪሳ ወፍ ሊያድርበት ይችላል፤ ማሽላ በሚዘራበት ቀበሌ ፊላው በተራ በተራ እየታጨደ ለምንጣፍና ለክዳን ይዋል። የወፍ ቆሎ ደግሞ ከተከለለው ቦታ ገና በአንድ ሁለት ሥር ሳለ ይነቀል። ክልከላ ማለት ሁሉን ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ ይህ አረም ከሰፋ በኋላ ሣርም ዛፍም አያስበቅልም። ይህን ሁሉ አድርገንም የሚጎዳ ሰብል ይኖራል፤ ጉዳቱን በውሉ ውስጥ እንደ ወጪ መቁጠር እንጂ «አይደርስም» ማለት አይገባም።

መሬት የሌላቸው ወጣቶችም አሉ። አንድ ተዳፋት ሲከለል እዚያ ማገዶ ይለቅሙና ፍየል ያግዱ የነበሩ ሰዎች ከጨዋታው ይወጣሉ፤ ሌሊት ገብተው የሚቆርጡትም እነሱ ይሆናሉ። የማር ድርሻውን፣ የሣር ሽያጩን ወይም የግንጣይ ማባዣውን ለእነሱ መስጠት ከዘብ ደመወዝ ይረክሳል።

የዓመቱን ሥራ በጊዜ ብንደረድረው፦ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ምርት ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ፣ ማሳ ለማሳ ዞሮ የሚከስርበትን ጥግ መምረጥና በሶንጎ መነጋገር፤ ጥር ላይ መለካትና መፈረም፤ የካቲት ላይ እርከን፣ መቀልበሻና ክትር። እርከኑን ስትቀይሱ በ10 ሜትር ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው የውሃ ልክ በትክክል አምስተኛው ሜትር ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ትንሽ ካዘነበለ እርከኑ ራሱ ቦይ ይሆናል። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲጸና ግንጣዩ ተቆፍሮ የሚወጣው በዚያው ቀን የሚተከለውን ያህል ብቻ ይሁን።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ቦረቦር የሚያዋስናችሁ ባለይዞታዎች፣ የይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ድንበሩን ደብተሩ ላይ እያየን እንነጋገራለን።